ገጽ ዘጠኝ ላይ አልቆምኩም

ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሀናን፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ እጄ ገብተዋል። የመጀመሪያውን ወንድምሽ ጀይላን ከሱቄ ቧንቧ ሊጭን የመጣ ጊዜ ሰጠኝ፤ ሁለተኛውን ትናንት አደረሰልኝ። ለመጀመሪያው ሳልመልስ ከወር በላይ አልፏል፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ለቅሶ የደረሰውን ሰው ሁሉ በሥርዓቱ ሸኝቻለሁ፣ ላንቺ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም። ከኮተቤ ጀምሮ ከልጄ ከአሚ ጋር አብረሽ የተማርሽ፣ ከእኔ ቤት ምሳ ያልተለየሽ ልጅ ነሽና «ስላጽናናሽኝ አመሰግናለሁ» ብዬ ብቻ ብጽፍልሽ እንደ እንግዳ ይሆንብኛል።

በስልክ መልእክት እንድመልስልሽ ጠይቀሻል። አልችልበትም። በወረቀት ስጽፍ እያሰብኩ ነው የምጽፈው፤ በስልክ ስጽፍ ጣቴን ብቻ ነው የማየው። ጀይላን በየሦስት ሳምንቱ ዕቃ ሊጭን ስለሚመጣ በእሱ እጅ እንላላክ።

ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። አይሆንም። አሚ የጻፈችው መመሪያ እንዳለ ይቀመጥ፤ የፕሮግራም መጋዘን አድርጋ ሱቄ ውስጥ ያቆመችው ማሽንም አይጠፋም።

አሚ ሥራዋን ያስረዳችኝን ቀን ጽፌ ይዤዋለሁ። እንደምታውቂው ሱቅ ስዘጋ በደብተሬ ላይ የቀኑን ሁለት ሦስት መስመር የማስፈር ልማድ አለኝ። እንዲህ ነበር ያለችኝ፦ «አባዬ፣ ፓኬጅ ማኔጀር ማለት ተላላኪ ነው። ኮምፒውተሩ ፕሮግራም ሲፈልግ ሄዶ ከመጋዘን ያመጣለታል። ኮንፊግ ፋይል የሚሉት ደግሞ ለተላላኪው በእጁ የምትሰጠው ወረቀት ነው። ከየትኛው መጋዘን ያምጣ፣ መጋዘኑ ባይመልስ ስንት ይጠብቅ፣ ከዚያስ ወዴት ይሂድ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። ችግሩ ወረቀቱ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስረዳ መመሪያ በአማርኛ የለም፤ በእንግሊዝኛ ያለውም ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው።»

«ለሚያውቅ ሰው ምን መመሪያ ያስፈልገዋል?» አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንባቢዋ ሆንኩ። አንድ ገጽ በጨረሰች ቁጥር አትማ ባንኮኒው ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔ እንደ ደንበኛ አነበዋለሁ፤ ግራ የገባኝ ቦታ ላይ በእርሳስ «እዚህ ቆምኩ» እላለሁ፤ ካልቆምኩ ከግርጌው «አልቆምኩም» ብዬ እሰጣታለሁ። ሃያ ሁለቱም ገጽ በእኔ እጅ አልፏል። እና አሁን ገጽ ዘጠኝ ይቀየር ስትይኝ የልጄን እጅ ጽሑፍ ፋቀው የሚል ሆኖ ይሰማኛል።

ማሽኑ እንደሆነ እዚያው ነው፤ ከመደርደሪያው ሥር፣ ከቴፍሎን ካርቶኑ ጎን። አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ገዝቼለታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስልኳ እኔ ጋ ነው። በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ የደወልሽላት አንቺ ነሽ፤ ከአንቺ በኋላ ማንም የለም። ምን ተባባላችሁ? ለእኔ ብለሽ አታለስልሺው።

ወልደገብርኤል

*

ቡታጅራ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ወልደገብርኤል፣

እንደምን ሰነበቱ? የአሚ አክስት እትዬ እታገኝስ እግራቸውን ተሻላቸው? እናቴ ሰላም ብላለች። ከተልባው ጋር ያለው ማር የእሷ ነው፤ «ለወንድሜ» ብላ ነው የላከችው።

«አይሆንም» ያሉትን ለጀይላን ሳነብለት ሳቀብኝ። «እኔስ ነግሬሽ ነበር፤ እኚህ ሰውዬ አንዴ ከተናገሩ ቢለምኗቸውም፣ ቢያስለምኗቸውም ያው ናቸው፤ አሥር ዓመት ዕቃ ስጭን ዋጋ የቀነሱልኝ አንድ ቀን ነው፣ እሱንም አሚ ተቆጥታቸው» አለ። ስለዚህ ላግባባዎት አልሞክርም። «ገጽ ዘጠኝ ምን ሆነ?» ብለው በጀይላን በኩል በቃል የላኩብኝን ጥያቄ ብቻ ልመልስ።

ገጽ ዘጠኝ ላይ ያለው ምሳሌ ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያው የመጋዘኑ አድራሻ ነው። አሚ ምሳሌው ሲሞከር እንዲሠራ ብላ እውነተኛ አድራሻ አስገባችበት፤ የእናንተን ሱቅ ማሽን። ሁለተኛው መስመር መጋዘኑ ባይመልስ ስንት ሴኮንድ ይጠበቅ የሚለው ነው፤ እዚያ ላይ ዜሮ አለ። ሰው ዜሮ ሲያይ «አትጠብቅ» የተባለ ይመስለዋል። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ግን ዜሮን «ያለ ገደብ ጠብቅ» አድርገውታል። ይህንን የሚናገር ዐረፍተ ነገር ገጹ ላይ የለም። አሚም እኔም ያወቅነው መመሪያው ከተሰራጨ በኋላ ነው።

መመሪያው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ተቀዳ። መምህር ደግሞ እንደሚያውቁት ነው፤ ምሳሌ ካገኘ እንዳለ ይገለብጣል። እኔ የማውቃቸው አሥራ አንድ የኮምፒውተር ላብራቶሪዎች፣ ከቡታጅራ እስከ ሆሳዕና፣ ሁሉም የእናንተን ሱቅ በር የሚያንኳኩ ናቸው። ማሽኑ ከጠፋ ሁለተኛ መጋዘን ፍለጋ አይሄዱም። ስህተት ነው እንኳን አይሉም። ዝም ብለው ይጠብቃሉ፣ ተማሪውም አብሮ ይጠብቃል። አንድ ማሽን ሱቅ ውስጥ ለዘላለም ሊኖር አይችልም፤ ባትሪም ቢገዙለት።

ሥራው የእሷ ነውና ካልፈቀዱልኝ አንድ ፊደል አልነካም። ዋናው ጽሑፍም በላፕቶፗ ላይ ነው ያለው።

ስለ ስልኩ፣ ስለ መመሪያው ነበር የምናወራው። የሥራ ነገር ነበር።

አላህ ያጽናዎት።
ሀናን

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሀናን፣

ማሩ ደርሷል፤ ለእናትሽ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። እታገኝ እግሯን እየተሻላት ነው። ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት መሄድ ጀምራለች፣ ይህ ማለት ድናለች ማለት ነው።

እዚህ ያለው አዲስ ነገር አንድ ነው። አከራዬ ቤቱን ሸጦታል። እስከ ሰኔ 30 ሱቁን ባዶ አድርጌ አስረክባለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጥኩበት ነው፣ ግን የሰው ቤት ነው፤ ቅር አላለኝም። የምጨነቀው ማሽኑ ሳይጠፋ እንዴት ከዚህ ወደዚያ እንደሚጓዝ ነው። ባትሪው አርባ ደቂቃ ይይዛል። የኢንተርኔቱን መስመር ግን ባትሪ አይሸከመውም። አንድ ባለሙያ ጠየቅሁ፤ «አባት፣ ምን ቢሆን ነው ለአርባ ደቂቃ እንኳ የማይጠፋው?» አለኝ።

ስለ አነባበባችን በጀይላን በኩል ጠይቀሽኛል። ከደብተሬ ልገልብጥልሽ።

«ሐምሌ 18። ገጽ 4። ሁለት ቦታ ቆምኩ።» ይህን ብቻ ነው የጻፍኩት፣ ንግግሩን ግን አስታውሰዋለሁ።

«አባዬ፣ የት ቆምክ?»

«‹ነባሪ እሴት› የሚለው ላይ። ምንድን ነው እሱ? የመድኃኒት ስም ነው?»

«ሰውየው ምንም ካልጻፈ ማሽኑ ራሱ የሚወስደው ነው።»

«ታዲያ ‹ምንም ካልጻፍክ ይህን ይወስዳል› በይዋ!»

«ኧረ አባዬ፣ እንደሱ አይጻፍም። ያሳፍራል።»

«የሚያሳፍረው ደንበኛው ሳይገባው አመስግኖ ሲወጣ ነው።»

ተናደደች፣ ወረቀቱን ነጥቃኝ ሄደች። በማግስቱ እንዳልኩት ጽፋ አመጣችው። ከግርጌው ደግሞ «ደስ ይበልህ» ብላበታለች።

ገጽ ዘጠኝን አውጥቼ አየሁት። ነሐሴ 2 ላይ በእርሳስ «አልቆምኩም» ብዬበታለሁ። ስለዚህ ገጽ አሁን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

«የሥራ ነገር ነበር» ብለሽኛል። እሺ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እታገኝ እንጦጦ ማርያም አብራት ነበረች። ለኅዳር ጽዮን ሁለቱም ሲሄዱ እኔ ሱቅ ከፍቼ ቀርቻለሁ። እታገኝ እንደምትለው አሚ ጠበል ለመጠጣት ተሰልፋ ሳለ ስልክ ተደወለላት፤ «ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው» ብላ ሳትጠጣ ወረደች። ለአክስቷ «ቆይተሽ በሌላ ነይ» ብላት ባገኘችው መኪና ገባች። መኪናው ቁልቁለቱ ላይ እንደተገለበጠ ሁሉም ሰው ያውቃል።

ለእታገኝ ደውለሽ ኅዳር 21 በሰፈራችን መብራት ጠፍቶ እንደነበር ጠይቀሻታል አሉ። በሰፈራችን መብራት እንደሚጠፋ አንቺም ታውቂያለሽ።

ቅዳሜ ነበር። ፈተና ነበራችሁ?

ወልደገብርኤል

*

ቡታጅራ
መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ጀይላን መኪናውን አስነስቶ ደጅ እየጠበቀኝ ስለሆነ ይህኛውን አልቀድም።

አዎ፣ ፈተና ነበር። የቅዳሜ ተማሪዎች የተግባር ፈተና፤ ሠላሳ ሁለት ሰው። አብዛኞቹ ከሥራ ፈቃድ ለምነው የመጡ ናቸው። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሁሉም ስክሪን በአንድ ጊዜ ቆመ። ማሽኑ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። መጀመሪያ ለእርስዎ ደወልኩ፣ ሁለት ጊዜ፤ አላነሱም። ከዚያ ለእሷ። ሁለቴ አላነሳችም። በሦስተኛው አነሳች።

«ሀኑ፣ እንጦጦ ነኝ እኮ። ሰልፍ ላይ ነኝ።»

«ማሽንሽ አይመልስም። ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው።»

«አባዬ ጋ ደውዪና ያስነሳው።»

«ደወልኩ፤ አያነሱም።»

«በቃ ደንበኛ ይዟል። አባዬ ደንበኛ ከያዘ ጳጳስ ቢደውሉም አያነሳም።» ሳቀች። «እሺ መጣሁ። ሠላሳ ደቂቃ ስጪኝ።»

እኔ ደግሞ እንዲህ አልኳት፦ «ሠላሳ ደቂቃ የለኝም አሚ፣ ቶሎ በይ።»

ቶሎ በይ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ፈተናውን በሌላ ቀን ማድረግ እችል ነበር። ደግሞም በሌላ ቀን አደረግሁት፤ በታኅሣሥ፣ በወረቀት። ማንም አልተጎዳም።

መጀመሪያ የጻፍኩልዎት ስለ መመሪያው የሆነው ሌላ ምን ብዬ መጻፍ እንደምችል ስላላወቅሁ ነው። ገጽ ዘጠኝ ከተስተካከለ እንዲህ ያለ ስልክ ለማንም አይደወልም ብዬ ነበር።

ከዚህ በኋላ ባይጽፉልኝ አይገርመኝም። ለጀይላን ግን ዕቃ መሸጥዎን አይተዉ፤ እሱ አያውቅም።

ሀናን

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሀናን፣

ኢዱም ፋሲካውም አለፉ፤ እንኳን አደረሰሽ ሳልልሽ። ጀይላን ሁለት ጊዜ መጥቶ «ደብዳቤ የለም?» ሲለኝ «የለም» ብዬ ሸኘሁት። በሁለተኛው ቀን «ተጣላችሁ እንዴ?» አለኝ። ቆይቼብሻለሁ፤ በአንቺ ተቀይሜ ግን አልነበረም። ያንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ የእኔን መደበቅ አልቻልኩም፣ ለመጻፍ ደግሞ ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ከደብተሬ ልገልብጥልሽ። ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

«ኅዳር 21። ቅዳሜ። እታገኝና አሚ እንጦጦ ማርያም። ከለገጣፎ የመጣ ደንበኛ የውሃ ፓምፑን ሳልሞክር አልወስድም አለ። ሌላ ሶኬት ስለሌለ የአሚን ማሽን ነቀልኩ። ፓምፑ ሠራ። ወሰደው። ጥሩ ጠዋት ነው።»

ከምሳ በፊት የጻፍኩት ነው። ከዚያ በታች እስከ ታኅሣሥ ባዶ ነው።

መብራት አልጠፋም ነበር፣ ልጄ። ስልኬ ላይ ያንቺ ቁጥር ሁለት ጊዜ አለ፤ አምስት ሰዓት ከሃያና ከሃያ አምስት። ያን ጊዜ ፓምፑ ባልዲ ውስጥ ሆኖ እየጮኸ ነበር፤ እኔም ከሰውየው ጋር እየተከራከርኩ ነበር። ማሽኑን መልሼ ልሰካው ብዬ ረሳሁት። የሰካሁት በሠልስቱ ነው፤ ለለቅሶ ከመጣው ሰው አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ሶኬት ሲፈልግ ገመዱን መሬት ላይ አየሁት።

ሌላም አለ። «ነሐሴ 2። አሚ ገጽ 9 ሰጠችኝ። ሴራሚክ የሚጭኑ ሰዎች መጡብኝ። አላነበብኩትም። አልቆምኩም ብዬ ሰጠኋት።» በሃያ ሁለት ገጽ ውስጥ ሳላነብ ያሳለፍኩት እሱን ብቻ ነው። ባነበው ዜሮው ላይ እቆም ነበር። እርግጠኛ ነኝ። «ዜሮ ማለት ምን ማለት ነው፣ አይጠብቅም ወይስ ይጠብቃል?» እላት ነበር፤ እሷም ሄዳ ታጣራ ነበር።

ጥፋቱን ልንካፈለው ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ። ነጋዴ ነኝ፤ ነገር ከየት እንደተነሣ ማወቅ እወዳለሁ። ባልነቅለው ኖሮ አንቺ አትደውዪም ነበር። ገጹን ባነበው ኖሮ፣ ብነቅለውም ልጆቹ ወደ ሌላ መጋዘን ይሻገሩ ነበር። አንቺ በመጨረሻ ያለሽው ሁለት ቃል ነው፤ ማንም መምህር የሚለው ነው። እሱን ከራስሽ ላይ አውርጂው። ለእኔ ብለሽ አውርጂው፤ የእኔው ከብዶኛል፣ ያንቺን ደርቤ ማየት አልችልም።

ማሽኑ እንዳይጠፋ እምቢ ያልኩሽ ለተማሪዎችሽ አስቤ አልነበረም። አረንጓዴዋን መብራት ሳያት ያን ቀን ያልነቀልኩት ይመስለኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ላፕቶፗን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ለጀይላን ሰጥቼዋለሁ። የይለፍ ቃሉ በውስጡ ባለው ብጣሽ ወረቀት ላይ ነው፤ በእጇ የጻፈችው ስለሆነ ወረቀቱን መልሺልኝ። ገጽ ዘጠኝን ጽፈሽ ላኪልኝ። አነበዋለሁ።

ወልደገብርኤል

*

ቡታጅራ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ወልደገብርኤል፣

ደብዳቤዎን ለማንም አላነበብኩም፤ ለእናቴም። ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም። በሦስተኛው ቀን ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ።

ስለጻፉልኝ ነገር አንድ ብቻ ልበል፦ ደንበኛ ይዞ ስልክ ያላነሳ ሰው፣ ገመድ ነቅሎ የረሳ ሰው፣ ልጁን የሚጠላ ሰው አይደለም። አሚ ስለ እርስዎ እየሳቀች ነው የወረደችው። ይህንን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ድምፅዋን ሰምቻለሁና አየሁት እላለሁ።

ከዚህ ጋር አዲሱ ገጽ ዘጠኝ አለ። ወረቀቷንም መልሻለሁ። ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ነገር እንዳለ በጀይላን በኩል ጠይቀውኝ ነበር። አለ። «አባዬ የቆመባቸው» የሚል አንድ ፋይል አለ። ያሏትን ሁሉ በቀን በቀኑ ጽፋዋለች፤ ስድቡንም ሳይቀር። አትሜ አያይዤልዎታለሁ።

ገጹን እንደ ደንበኛ ያንብቡልኝ። የት ቆሙ?

ሀናን

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሀናን፣

ገጹን አራት ጊዜ አነበብኩት። ሱቁን ዘግቼ፣ ቁልፉን ከውስጥ አድርጌ። የላክሽልኝን ሌላውን ወረቀት ግን ገና አላነበብኩትም። የመጀመሪያውን መስመር አይቼ መልሼ አጠፍኩት፤ የሚነበብበት ቀን አለው።

ገጹ ደህና ነው፣ ግን ሦስት ቦታ ቆሜያለሁ፤ አትቆጪ።

አንደኛ፣ ምሳሌሽ። የእኛን ሱቅ አድራሻ አውጥተሽ የኮሌጃችሁን አስገብተሻል። ነገ ደግሞ የእናንተን በር ሊያንኳኩ ነው እንዴ? ሰው መስኮት ላይ የተሰቀለውን እያየ ነው «ያንን ስጠኝ» የሚለው፤ በስተጀርባ ሃያ ዓይነት ብትደረድሪለትም አይጠይቅሽም። የማንም ያልሆነ አድራሻ አስገቢ፤ ከላዩ ላይ «ይህ አድራሻ የማንም አይደለም፤ እንዳለ ብትገለብጠው አይሠራም፤ የራስህን ጻፍበት» በይ። ከታች ሳይሆን ከላዩ። ከታች ያለውን ማንም አያነብም፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ሁለተኛ፣ ዜሮውን «ገደብ የለሽ የጥበቃ ጊዜን ያመለክታል» ብለሽዋል። ይህን የሚለው የመንግሥት ማስታወቂያ ነው። እንዲህ በዪው፦ «ዜሮ ብትጽፍ ማሽኑ መቼም አይመለስም፤ መጋዘኑ እስኪመልስለት ድረስ ይጠብቃል። ዜሮ አትጻፍ።»

ሦስተኛው፣ ሠላሳ ሴኮንድ ይሁን ብለሻል፤ ለምን ሠላሳ እንደሆነ ግን አልተናገርሽም። ለምን አሥር አልሆነም? ለምን አንድ ሰዓት አልሆነም? ምክንያቱን ጻፊው። እኔን ብትጠይቂኝ አንድ ሰዓት እሰጠው ነበር፤ ግን መመሪያው ለእኔ የሚጻፍ አይደለም። ሠላሳው ካለፈ በኋላ ደግሞ ማሽኑ ይናገር። ተላላኪ ሱቁ ዝግ ከሆነበት ተመልሶ «ዝግ ነው» ይላል እንጂ በር ላይ ቆሞ አይቀርም። ምን ብሎ እንደሚናገር የሚጻፍበት መስመር አለ ብለሻል፤ በአማርኛ ይሁን፣ አጭር ይሁን።

የማን ስም ይጻፍ ብለሽ ከገጹ ግርጌ ጠይቀሽኛል። የእሷ ስም ካለበት አይነሣ፤ ያንቺን ከሥሩ ጨምሪ። የእኔ አያስፈልግም። አንባቢ ስሙ አይጻፍም።

አሁን ስለ ማሽኑ። ሰኔ 21 ቅዳሜ ይውላል፤ የማርያም ቀን ነው። እስከዚያ አሥራ አንዱንም ላብራቶሪ ዞረሽ በእጅሽ አስተካክዪ፤ ጀይላን ይውሰድሽ፣ ነግሬዋለሁ። በዚያ ቀን የቅዳሜ ተማሪዎችሽ ክፍል ገብተው ሥራ ላይ ይሁኑ። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ እነቅለዋለሁ። አስቀድሜ አልደውልልሽም፤ አንቺም አትደውዪልኝ። እንዴት እንደሆነ በደብዳቤ ንገሪኝ።

ወልደገብርኤል

*

ቡታጅራ
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ወልደገብርኤል፣

እንዴት ዋሉ፣ እንዴትስ አደሩ?

አሥራ አንዱንም ጨርሰናል። ሆሳዕና ያለው የመጨረሻው ነበር። እዚያ ያለው መምህር ኦልያድ ይባላል፤ አዲሱን ገጽ አንብቦ «ይህን የጻፈው ሰው ነጋዴ ነው እንዴ? ‹ዜሮ አትጻፍ› ብሎ ተቆጣኝ እኮ» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ጀይላን ከበስተኋላ ሆኖ «ዋጋም አይቀንሱም!» አለ።

ትናንት ሃያ ዘጠኝ ተማሪዎች ነበሩ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ፕሮግራም ማውረድ እንዲጀምሩ አዘዝኳቸው። የእናንተ ማሽን በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ እንዲቆይ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ለመጨረሻ ጊዜ። ሰዓቴን እያየሁ ከኋላ ቆምኩ። አርባ ሆነ። ስክሪኖቹ ቆሙ። ያውቁታል ያንን መቆም? እኔ አውቀዋለሁ። ቆጠርኩ። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ። ከዚያ በየስክሪኑ አንድ መስመር ወጣ፦ «የመጀመሪያው መጋዘን ዝግ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ተሻግሬያለሁ።» ሥራው ቀጠለ።

ማንም ቀና አላለም። ርሆቦት የምትባል ተማሪ ብቻ «ቲቸር፣ ዝግ ነው የሚለው የማን ነው?» አለችኝ። «የጓደኛዬ ነበር» አልኳትና ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ቆይቼ ተመለስኩ። ሁሉም ጨርሰው ነበር።

አዲሱ ሱቅ ተገኘ? ያን ሰዓት እርስዎ ምን አደረጉ? ካልፈለጉ አይመልሱልኝ።

ሀናን

*

ፈረንሳይ ለጋሲዮን
ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሀናን፣

ከዚህ አድራሻ የምጽፍልሽ የመጨረሻው ደብዳቤ ነው። ነገ ቁልፉን አስረክባለሁ። ኮተቤ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አንዲት ክፍል አግኝቻለሁ። አሚና አንቺ ታክሲ ትይዙበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ አራት ሶኬት አለ። ቤቱን ሲያሳየኝ ደላላው ስለ ውሃው፣ ስለ መንገዱ ሲያወራ እኔ ሶኬት ስቆጥር ነበር።

የመጨረሻዎቹን ዕቃዎች ትናንት ጫንን። አሮጌውን ገጽ ዘጠኝ ከካርቶኑ አውጥቼ «አልቆምኩም» ያልኩትን ሰረዝኩት። «አላነበብኩትም» ብዬ ጻፍኩበት፤ ቀኑንም ጨመርኩ። ከደብተሬ መሐል አስቀምጬዋለሁ። «አባዬ የቆመባቸው» የሚለውንም አነበብኩት፤ እስከ መጨረሻው። በገጽ ዘጠኝ ትይዩ «አባዬ አልቆመም! ጎበዝ ሆኛለሁ ማለት ነው» ብላ ጽፋለች።

ያን ሰዓት ምን እንዳደረግሁ ጠይቀሻል። አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነቀልኩት። አረንጓዴዋ ወዲያው ጠፋች። እጄን ላዩ ላይ አደረግሁ፤ ሞቃት ነበር። ተማሪዎችሽ ሠላሳ ሴኮንድ ጠብቀው እንዳለፉ ስትነግሪኝ ደስ ብሎኛል። እንዲያልፉ ብለን ነው የጻፍነው። እኔ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየ።

እዚያው እንዳለሁ ደንበኛ መጣ፣ የማውቀው ሰው ነው፣ ከበሩ ሆኖ ጠራኝ።

«ዝግ ነው» አልኩት።

ወልደገብርኤል